ለባለ 4 ኦም የመደርደሪያ ስፒከር ትንሽ ክላስ ዲ አምፕ እንዴት ይመረጣል?

የመጀመሪያዋን ትንሽ አምፕ (ድምፅ አጉልታ ስፒከር የምትነዳ ዕቃ) የገዛሁት ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ማርኮኝ ነው። «2 × 100 ዋት» ይላል። ዕቃዋ ደግሞ ከመዳፌ ብዙም አትበልጥም። ባለ 4 ኦም የመደርደሪያ ስፒከሮቼ ላይ ሰካኋት። ድምፁን ዝቅ አድርጌ ስሰማ ግሩም ነበረች። ቮልዩሙን ከግማሽ ሳሳልፈው ግን ቤዙ ጠንከር ባለ ቁጥር ቀጥ ትላለች። ሁለት ሰከንድ ጸጥ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ትጀምራለች። ስፒከሩ የተበላሸ መስሎኝ ፈታሁት። ገመድ ቀየርኩ። ስልኬንም ጠረጠርኩ። ነገሩ የገባኝ አብሯት የመጣውን አዳፕተር ገልብጬ ጀርባውን ሳነብ ነው፦ 19 ቮልት፣ 3 አምፔር። 19 በ3 ሲባዛ 57። 57 ዋት የምትጎርስ ዕቃ 200 ዋት ከየት አምጥታ ትሰጣለች?

ከዚያ ወዲህ አምፕ ስመርጥ ካርቶኑን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። ከስፒከሩ እጀምራለሁ፣ ወደ አዳፕተሩ እሄዳለሁ፣ ከዚያ ወደ አምፑ ሆድ እገባለሁ። በዚሁ ቅደም ተከተል ልሂድ።

1. ስፒከራችሁ ስንት ኦም ነው?

ስፒከሩን አዙሩና ጀርባውን እዩ። 4 ኦም፣ 6 ኦም ወይም 8 ኦም የሚል ታገኛላችሁ። ይህ ቁጥር መጠሪያ ነው እንጂ ቋሚ ልክ አይደለም። የስፒከር ኢምፒዳንስ (ለከረንት የሚያሳየው ተቃውሞ፣ በኦም የሚለካው) እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ይወጣል ይወርዳል። አንዱ ጋ 20 ኦም ደርሶ ሌላው ጋ ወደ 3 ተኩል ሊወርድ ይችላል። አምፑን የሚያስጨንቀው የወረደበት ቦታ ነው። አይኢሲ 60268-5 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ዝቅተኛው ነጥብ ከተጻፈው ቁጥር 80 በመቶ በታች መሆን የለበትም ይላል። በዚህ ስሌት ባለ 4 ኦም ስፒከር እስከ 3.2 ኦም ሊወርድ ይችላል፤ ባለ 6 ኦሙ እስከ 4.8። ሁሉም አምራች ግን ይህን አያከብርም። ስለዚህ ስለ ስፒከራችሁ የተለካ ግራፍ ካገኛችሁ ዝቅተኛውን ነጥብ ፈልጉ። «ከ4 እስከ 8 ኦም» ተብሎ ከተጻፈ 4 ነው ብላችሁ ያዙት።

ጽሑፉ ከጠፋ ማልቲሜትር አውጡ። ገመዱን ከአምፑ ነቅላችሁ የስፒከሩን ሁለት ጫፎች ለኩ። ከ3 እስከ 3.7 አካባቢ ካነበበ ባለ 4 ኦም ሳይሆን አይቀርም። ከ5.5 እስከ 7 ከሆነ ባለ 8 ነው። ሜትሩ የሚያነበው የሽቦውን ተራ ሬዚስታንስ ስለሆነ ከተጻፈው ትንሽ ማነሱ ያለ ነው።

ይህን ያህል ኦም ኦም የምለው ለምንድን ነው? ስሌቱ ራሱ ይናገራል። አምፑ 14 ቮልት ቢያወጣ፣ ባለ 8 ኦም ስፒከር 1.75 አምፔር ይስባል፤ 24 ተኩል ዋት ይሆናል። በዚያው 14 ቮልት ባለ 4 ኦሙ 3.5 አምፔር ይስባል፤ 49 ዋት። ቮልዩሙን አልነካችሁትም፤ የሚጠየቀው ከረንት ግን እጥፍ ሆነ። ባለ 4 ኦም ስፒከር ቮልት አይርበውም። የሚርበው አምፔር ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

2. ስንት ዋት ነው የሚያስፈልጋችሁ?

ከምታስቡት ያነሰ። ግን አንዲት ወጥመድ አለች።

ስፒከሩ መግለጫ ላይ «ሴንሲቲቪቲ 86 ዲሲቤል፣ በ2.83 ቮልት፣ በ1 ሜትር» የሚል አለ እንበል። ሴንሲቲቪቲ ማለት ስፒከሩ በተሰጠው ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ ነው። 2.83 ቮልት በ8 ኦም ላይ ልክ 1 ዋት ነው። በ4 ኦም ላይ ግን 2 ዋት ነው። ስለዚህ ያ ባለ 4 ኦም ስፒከር በ1 ዋት የሚሰጠው 86 ሳይሆን 83 ዲሲቤል ነው። መግለጫው አልዋሸም፤ ግን 3 ዲሲቤል በስጦታ መልክ ጨምሮላችኋል። ባለ 4 ኦም ከሆነ ሁልጊዜ 3 ቀንሱ። «በ1 ዋት» ብሎ ከጻፈ ግን አትቀንሱ።

አሁን ከስፒከሩ 2 ሜትር ርቃችሁ ትቀመጣላችሁ እንበል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሜዳ ላይ 6 ዲሲቤል ይጠፋል። ሁለተኛው ስፒከር 3 ያህል ይመልሳል፤ ግድግዳውም የራሱን ይጨምራል። ብንጠነቀቅ 80 እንበል። ማለትም በየስፒከሩ 1 ዋት፣ ወንበራችሁ ጋ 80 ዲሲቤል። ድምፅ በ10 ዲሲቤል ሲጨምር ዋቱ በ10 ይባዛል፦ 90 ለማግኘት 10 ዋት፣ 100 ለማግኘት 100 ዋት።

80 ዲሲቤል አማካይ ለቤት ሞቅ ያለ ድምፅ ነው። ታዲያ 1 ዋት ይበቃል ማለት ነው? አይበቃም። ከበሮው «ዱም» ሲል ከአማካዩ 15 ዲሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ዘሎ ይወጣል። ለ95 ዲሲቤል 32 ዋት ያህል ትፈልጋላችሁ፤ ለ97 ደግሞ 50። ለዚህ ምሳሌ 50 ንጹሕ ዋት በየቻናሉ ደህና ግብ ነው። የራሳችሁን ቁጥር በዚሁ መንገድ አስሉ። 13 ሳንቲሜትር ዉፈር (ቤዙን የሚያወጣው ክፍል) ያለው ትንሽ ስፒከር ደግሞ 200 ዋት ብትሰጡትም በቤዝ በኩል ምን ያደርገዋል? ኮኑ ሄዶ ሄዶ ይቆማል።

3. አዳፕተሩን ገልብጡ

ትንንሾቹ ክላስ ዲ አምፖች (አሠራራቸውን ቁጥር 5 ላይ ታገኛላችሁ) አብዛኞቹ ኃይላቸውን የሚያገኙት ከውጭ ካለ አዳፕተር ነው፤ ላፕቶፕ ላይ እንዳለው ዓይነት። የአምፑ አቅም የሚወሰነው እዚያ ነው። ሁለት ስሌት ብቻ ይበቃችኋል።

የመጀመሪያው የቮልቱ ጣሪያ ነው። በእነዚህ አምፖች ዘንድ የተለመደው አሠራር ብሪጅ ነው፦ የስፒከሩ ሁለቱም ጫፎች በአምፑ ይነዳሉ። እንዲህ ሲሆን የሞገዱ ጫፍ ወደ አዳፕተሩ ቮልት ይጠጋል። ከዚያ ቮልቱን በራሱ አባዙት፣ ለኦሙ እጥፍ አካፍሉት። ለ4 ኦም ከሆነ የምታካፍሉት ለ8 ነው ማለት ነው። በ19 ቮልት 45 ዋት ይወጣል። በ24 ቮልት 72፣ በ32 ቮልት 128፣ በ48 ቮልት 288። ይህ በወረቀት ነው፤ በተግባር መንገድ ላይ የሚባክን ስላለ ዝቅ ይላል።

ሁለተኛው የአዳፕተሩ ጉልበት ነው። ቮልቱን በአምፔሩ አባዙ፣ 15 በመቶ ለብክነት ቀንሱ፣ ለሁለት ቻናል አካፍሉ። 24 ቮልት በ4.5 አምፔር 108 ዋት ነው፤ በየቻናሉ 46 ያህል። 32 ቮልት በ5 አምፔር 68 ይደርሳል። 48 ቮልት በ5 አምፔር 102። የኔዋ ባለ 57 ዋት ስንት እንደነበረች ማወቅ ከፈለጋችሁ፦ 24።

ከሁለቱ ስሌቶች ትንሹን ያዙ። አምፑ ሳያቋርጥ የሚሰጣችሁ እሱን ነው። ሙዚቃ ግን ቀጥ ያለ ጩኸት አይደለም። ለአጭር ምት የሚያስፈልገውን አምፑ ውስጥ ያሉት ትላልቅ ካፓሲተሮች ከቋታቸው ይሰጣሉ። ስለዚህ ከስሌቱ ትንሽ ከፍ ያለ ምት ቢያልፍ አይገርምም። ረዘም ያለ የኤሌክትሮኒክ ቤዝ ግን ቋቱን አሟጥጦ አዳፕተሩ ላይ ይመጣል። ያኔ ነው ቀጥ የሚለው።

የኔ ምርጫ ምንድን ነው? ለ4 ኦም ከ32 እስከ 36 ቮልት ያለው፣ አምፔሩ ጠገብ ያለ አዳፕተር። 36 ቮልት በ6 አምፔር እና 48 ቮልት በ4 አምፔር ቢቀርብልኝ ያለ ማቅማማት የመጀመሪያውን አነሳለሁ። 48 ቮልት የሚያምረው ለ8 ኦም ነው። በ4 ኦም ላይ ቮልቱ ቢኖርም አዳፕተሩ ከረንቱን ማድረስ ያቅተዋል፤ ወይ ደግሞ የቺፑ መከላከያ ቀድሞ ይዘጋል።

አዳፕተር ለብቻው የምትገዙ ከሆነ ሦስት ነገር አትርሱ። የአምፑን የቮልት ገደብ አትለፉ፤ ቮልቱ ከገደቡ ካለፈ ካፓሲተሩም ቺፑም ይሄዳል። አምፔር ግን ቢበዛ ጉዳት የለውም፤ አምፑ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚወስደው። መሰኪያው ደግሞ ብዙ ጊዜ የውጭ ስፋቱ 5.5 ሚሊሜትር ሆኖ የውስጡ ቀዳዳ 2.1 ወይም 2.5 ይሆናል። ሁለቱ በዓይን አይለዩም። ባለ 2.5 መሰኪያ ባለ 2.1 ሶኬት ላይ ይገባል፣ ግን ይላላል፣ እየቆየ ይሞቃል። ፖዘቲቩ መሃል ላይ መሆኑንም ምልክቱን አይታችሁ አረጋግጡ።

4. አሁን ዋቱን አንብቡ

ቁጥሩን ብቻ አታንብቡ፤ አጠገቡ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። በስንት ኦም? በስንት በመቶ መዛባት? «10 በመቶ ቲኤችዲ» ማለት ድምፁ ጆሮ ላይ ሻካራ እስኪሆን ተገፍቶ የተለካ ማለት ነው። የምትፈልጉት የ1 በመቶውን ወይም ከዚያ በታች ያለውን ነው።

በነዚህ አምፖች ውስጥ በብዛት የምታገኙት ቺፕ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲፒኤ 3255 ነው። አምራቹ በ4 ኦም በየቻናሉ 315 ዋት ይለዋል፤ በ10 በመቶ መዛባት። በ1 በመቶ 260 ነው። የቺፑ መግለጫ እውነት ነው፤ ግን 50 ቮልት ገደማ የሆነ ጠንካራ ፓወር ሰፕላይ ኖሮት ነው። 32 ቮልት በ5 አምፔር አዳፕተር የመጣለት አምፕ ላይ «300 ዋት» ብሎ መጻፍ የቺፑን ዲግሪ ለአምፑ መስጠት ነው። ታናሹ ቲፒኤ 3116 ደግሞ በ21 ቮልት፣ በ4 ኦም፣ በ10 በመቶ 50 ዋት ይባላል። ለጠረጴዛ ይበቃል። ሰፊ ሳሎን ውስጥ፣ ዝቅ ባለ ሴንሲቲቪቲ፣ ባለ 4 ኦም ስፒከር ላይ ግን ወደ 3255 ብትሄዱ ይሻላል። ዋቱ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አይደለም፤ ሳይጨነቅ ከረንት መስጠት ስለሚችል ነው።

5. ማጣሪያው፦ ብዙ ሰው የማያየው ቦታ

ክላስ ዲ ውስጥ ያለው «ዲ» ዲጂታል ማለት አይደለም። ክላስ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ነበሩ፤ ቀጣዩ ፊደል ዲ ሆነ። በቃ። አሠራሩ ግን ልዩ ነው። ትራንዚስተሮቹ እንደ ተራ አምፕ በከፊል ተከፍተው አይቆዩም። ወይ ሙሉ ይከፈታሉ፣ ወይ ሙሉ ይዘጋሉ፤ በሰከንድ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ። ሙዚቃው ያለው የተከፈቱበት ጊዜ ሲረዝምና ሲያጥር ነው። በግማሽ የተከፈተ ትራንዚስተር ስለሌለ ሙቀቱ ትንሽ ነው። ለዚህ ነው መዳፍ የምታክል ሣጥን ይህን ያህል የምትገፋው።

ያ ፈጣን ብልጭታ ወደ ስፒከሩ እንዳይሄድ መውጫው ላይ ኢንዳክተርና ካፓሲተር ተደርድረው ያጣሩታል። ችግሩ ይህ ማጣሪያ የሚሰላው ስፒከሩ ይህን ያህል ኦም ነው ተብሎ ታስቦ ነው። የተለመደው ርካሽ አሠራር ፊድባኩን (አምፑ የራሱን ድምፅ መልሶ አይቶ የሚያርምበትን መስመር) የሚወስደው ከማጣሪያው በፊት ነው። ስለዚህ ማጣሪያው የሚያደርገውን አምፑ አያይም፣ አያርምም። ለ8 ኦም የተሰላ ማጣሪያ 4 ኦም ላይ ሲገባ የላይኛው ጫፍ ይደበዝዛል። የተገላቢጦሹ ደግሞ ሲምባሉን ያሾለዋል። ልዩነቱ 20 ኪሎኸርትዝ አካባቢ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሁለት ዲሲቤል አይበልጥም። ሰማይ አይደፋም። ግን አንዱ ሰው «ይሄ አምፕ ድፍን ነው» ሲል ሌላው «የለም፣ ስል ነው» የሚልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ስፒከራቸው ይለያያል።

መድኃኒቱ ፊድባኩን ከማጣሪያው በኋላ መውሰድ ነው። ብሩኖ ፑትዘይስ የተባለው መሐንዲስ ፊሊፕስ ሳለ የሠራው ዩሲዲ የተባለ የአምፕ ንድፍ በዚህ መንገድ ነው የሄደው፤ በኋላም ሃይፔክስ በተባለው ኩባንያ ውስጥ ኤንኮር የተባለውን ንድፍ በዚያው ላይ ገነባ። ትንንሾቹ አምፖች ላይ ይህ «ፒኤፍኤፍቢ» ተብሎ ይጻፋል። የስፒከራችሁ ኦም ዝቅ ካለና ከተለዋወጠ ይህች ቃል ከብዙ ዋት ትበልጣለች። ዋጋ ከተቀራረበ እሱን ውሰዱ።

ሌላም አለ። ኢንዳክተሩ ትንሽ ከሆነ ብዙ ከረንት ሲያልፍበት ይጠግባል፤ ድምፁም ያኔ ይዛባል። ይህ ከ8 ኦም ይልቅ በ4 ኦም ላይ ጎልቶ ይታያል። ከመግለጫ አይታወቅም። ሰው በ4 ኦም ለክቶ ያወጣው ግራፍ ካለ ግን ፈልጉ። መስመሩ ከ20 ወይም ከ30 ዋት ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ከወጣ ጠርጥሩ፤ ጫፉ ድረስ ተኝቶ ሄዶ መጨረሻ ላይ ቀጥ ብሎ ከተነሣ ጥሩ ነው።

6. ከመግዛታችሁ በፊት የምታጣሯቸው

አምፑ መግለጫ ላይ 4 ኦም በግልጽ ተጽፏል? ካልተጻፈ እለፉት። «ከ3 ኦም» ወይም «ከ2 ኦም» የሚል ከሆነ የበለጠ ልብ ይሰጣል።

በአንድ ቻናል ላይ ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከር በትይዩ ልትሰኩ ካሰባችሁ አታድርጉት። 2 ኦም ይሆናል። «ሞኖ» ማብሪያ ያላቸው አምፖችም አሉ። አንዳንዶቹ ሁለቱን ቻናል ጎን ለጎን አጣምረው ዝቅተኛ ኦም ይችላሉ፤ ሌሎቹ በብሪጅ አጣምረው ቮልቱን ያሳድጋሉ፣ ያኔ እያንዳንዱ ጎን ግማሹን ኦም ነው የሚያየው። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ማብሪያውን አትንኩ።

የሰብዉፈር መውጫ ካለው ሌላ ጥያቄ ጠይቁ፦ ቤዙን ከትንንሾቹ ስፒከሮች ይቀንሳል? አንዳንዱ ለሰብዉፈሩ ይሰጣል እንጂ ከስፒከሩ አይወስድም። የሚቀንስ ከሆነ አምፑም ስፒከሩም ትልቅ እፎይታ ያገኛሉ፤ ከረንቱን የሚበላው ቤዙ ነውና።

ብሉቱዙ፣ ትሬብልና ቤዝ ማስተካከያው፣ የሚያበራው መደወያ እንደ ፍላጎታችሁ። ኦፕ አምፕ (አምፑ ውስጥ ያለ፣ የሚነቀል ትንሽ ቺፕ) መቀያየር የሚባለውን ግን ለመዝናኛ ካልሆነ ተዉት። በዚያ ገንዘብ የተሻለ አዳፕተር ይገዛል።

7. ስትሰኩ

አምፑ ጠፍቶ ስኩ። ይህቺ ቀጣይዋ ደግሞ የምር ናት። በብሪጅ የሚሠራ አምፕ ላይ ጥቁሩ መሰኪያ «ግራውንድ» አይደለም፤ እሱም ድምፅ ይወጣበታል። የግራና የቀኝን ጥቁር ሽቦ በፍጹም አታገናኙ። ከሌላ ዕቃ ግራውንድ ጋርም አታገናኙ። ጆሮ ማዳመጫ ከስፒከር መውጫው ላይ ልጥለፍ ካላችሁም እንዲሁ፤ መሰኪያው ሁለቱን ጥቁር አንድ ስለሚያደርግ አምፑን ታቃጥሉታላችሁ።

ገመድ ላይ አትጨነቁ፣ ግን ክር አይሁን። ሄዶ የሚመለሰው ሬዚስታንስ ከስፒከሩ ኦም 5 በመቶ በታች ይሁን፤ ለ4 ኦም 0.2 ኦም ነው። 3 ሜትር ርዝመት ያለው 0.75 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ 0.14 ኦም ያህል ነው፤ ያልፋል። 1.5 ከሆነ ግማሹ ነው፤ እኔ የምጠቀመው እሱን ነው። ከመዳብ ይልቅ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ከሆነ አንድ ደረጃ ወፈር አድርጉ። ጫፉን ስትልጡ የተበተነ ክር ወደ ጎረቤቱ መሰኪያ እንዳይነካ ጠምዝዙት።

8. የመጀመሪያ ቀን ፈተና

መመለስ የሚቻልበት ጊዜ ሳያልፍ በደንብ አስቸግሩት። ሙዚቃ ሳትከፍቱ ጆሯችሁን ወደ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ ወደሚያወጣው ትንሽ ክፍል) አስጠጉ። ትንሽ «ሽሽሽ» ያለ ነገር ነው። ከመቀመጫችሁ ከተሰማ ግን ያበሳጫል። ቮልዩሙን ወደ ታች ጫፍ አውርዱና ግራና ቀኙ እኩል መሆናቸውን ስሙ፤ ርካሽ ቮልዩም ታች ላይ ወደ አንድ ጎን ያደላል።

ከዚያ ቤዝ የበዛበት ሙዚቃ ክፈቱ። ከዕለት ተዕለት ልማዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ሣጥኑን ንኩ። ሞቅ ማለት ደህና ነው፤ እጃችሁን ማቆየት ካልቻላችሁ አይደለም። አዳፕተሩንም ንኩ፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰቃየው እሱ ነው።

ቤዝ ላይ ቀጥ ብሎ ወዲያው ከተመለሰ አዳፕተሩ አልቻለም። ቀጥ ብሎ አጥፍታችሁ እስክታበሩት ካልተመለሰ የቺፑ የከረንት መከላከያ ሊሆን ይችላል፤ ገመዱ ላይ ሾርት እንዳለ እዩ፣ ከሌለ የስፒከሩ ኦም ለአምፑ ከሚችለው በላይ ዝቅ ብሎበታል ማለት ነው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ብቻ ከሆነ የሚጠፋው ሙቀት ነው። ከኮምፒውተር ጋር ሲያያዝ ብቻ የሚያጉረመርም ከሆነ ደግሞ አምፑን አትመልሱ። የግራውንድ ሉፕ ነው፤ ሁለቱ ዕቃዎች በግራውንዳቸው ተያይዘው የሚፈጥሩት ጉርምርምታ። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅላችሁ ሞክሩ፤ ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ያቺ የመጀመሪያዋ አምፕ ዛሬም አለችኝ። አዳፕተሯን አልቀየርኩላትም። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ባለ 8 ኦም ትንንሽ ስፒከሮችን ትነዳለች፤ አንድም ቀን ቀጥ ብላ አታውቅም።